የክረምቱን ግጦሽ በእርባታ ሶፍትዌር ላይ እንዴት እንከፍታለን?

ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ፕሮግራሙን ጭኛለሁ፣ ከብቶቹንም መዝግቤያለሁ። ‹አዲስ የግጦሽ ወቅት› የሚለውን ስነካ ግን ባዶ ሳጥን ነው የሚመጣው። ምን ልሙላበት?» ከአዳማ ይደወላል፣ ከወለንጪቲ ይደወላል፣ ከወንጂና ከዴራ በኩልም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መመሪያው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። አግሪዌብም ይሁን ሌላ የእርባታ ፕሮግራም፣ የቁልፎቹ ስም ቢለያይም በአብዛኛው የሚጠይቁት ያው ነው፦ መሬት፣ መንጋ፣ ሳርና ቀን። ሳጥኑን መሙላት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን ቁጥር ለማግኘት ግን ሁለት ሦስት ቀን መስክ መዋል ይጠይቃል። እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ፕሮግራሙ የሚያውቀው እናንተ የነገራችሁትን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጂፒኤስ ያለው ስማርት ስልክና ፓወር ባንክ
- 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፍሬም (ከቀጭን ፌሮ አንድ በያጅ ቤት ይሠራላችኋል)
- ማጭድ፣ ጥቂት ፌስታልና የእጅ ጓንት
- ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን
- የከብት ደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር (ክብደቱን በኪሎ የሚያሳየው ዓይነት)
- የእንስሳቱ የጆሮ ቁጥር ዝርዝር
- የኢትዮጵያንና የፈረንጆቹን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ቻርጅ ይጨርሳል፣ ደብተር አይጨርስም።

ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ 12 ሄክታር የታጠረ መሬት፣ በ6 የተከፈለ፣ 18 ከብት። የእናንተን ቁጥር በቦታው ተኩ።

1. መጀመሪያ ቅንብሩን አስተካክሉ

ምንም ነገር ከማስገባታችሁ በፊት የቅንብር ገጹን ክፈቱ። አራት ነገር እዩ።

የስፋት መለኪያው ሄክታር ይሁን። ኤከር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። 1 ሄክታር 2.47 ኤከር ነው። ኤከር ላይ እያለ «12» ብላችሁ ካስገባችሁ፣ ፕሮግራሙ ያላችሁን መሬት ከግማሽ በታች አድርጎ ያያል።

የክብደት መለኪያው ኪሎ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሦስተኛው «የእንስሳ አሃድ» የሚባለው ነው። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ፕሮግራሞቹ የከብቱን ፍላጎት የሚያሰሉት አንድ መደበኛ ከብት ይዘው ነው። በአሜሪካው አሠራር ያ ከብት 454 ኪሎ ይመዝናል። በእኛ አገር የእንስሳት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የሐሩር አካባቢ አሃድ ግን 250 ኪሎ ነው። ቁጥሩን ሳትቀይሩ «18 አሃድ» ብላችሁ ካስገባችሁ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ከብት በቀን ከ11 ኪሎ በላይ ደረቅ መኖ (ውኃው ወጥቶ የሚቆጠር መኖ) ይመድባል። የእኛ 250 ኪሎ ከብት የሚበላው 6 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 10 ቀን የሚያቆያችሁን ሳር «በ5 ቀን ያልቃል» ይላችኋል። አሃዱን 250 አድርጉት። ፕሮግራሙ መቀየር ካልፈቀደ ደግሞ አሃዱን ተዉትና የእያንዳንዱን ከብት ትክክለኛ ክብደት በኪሎ አስገቡ፤ ውጤቱ ያው ነው።

አራተኛው የቀን አጻጻፍ ነው። ቀን ይቀድማል ወይስ ወር? ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7። አሁን ሁለቱን በቁጥር ጻፏቸው፦ 7/8 እና 8/7። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሐምሌ 1 ያላችሁት ነሐሴ 1 ሆኖ ይመዘገባል፣ ስክሪኑ ላይም ምንም ስህተት አይታይም። እኔ ራሴ የአንድ አርቢ እርባታ ላይ ይህን አድርጌ፣ መንጋው መስክ ላይ እየጋጠ ፕሮግራሙ «ወቅቱ ገና አልተከፈተም» ሲል ግማሽ ቀን ምክንያቱን ፈልጌያለሁ። ከቻላችሁ የወሩ ስም በፊደል የሚጻፍበትን አማራጭ ምረጡ።

2. መሬቱን በካርታው ላይ ሣሉ

መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ካርታውን በዋይፋይ አውርዱት። ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርክ ይቆራረጣል።

ከዚያ በእያንዳንዱ የግጦሽ ክፍል ጥግ ላይ ቁሙ። ስልኩ ቦታውን እስኪይዝ አንድ ደቂቃ ታገሡ፤ የስህተት መጠኑ ከ5 ሜትር በታች ሲወርድ ነጥቡን ያዙ። በሞተር ሳይክል እየበረራችሁ የሣላችሁት ድንበር የጎረቤትን ማሳ ቆርሶ ይገባል።

ለየክፍሉ አጭር ስም ስጡ። «ክፍል 1፣ ክፍል 2» ይሠራል፣ ግን እረኛው የሚጠራው ስም ካለ እሱን ጻፉ። «ከግራሩ በታች» የሚለውን እረኛውም እናንተም ታውቁታላችሁ። ከአራት ወር በኋላ «ክፍል 4 የቱ ነበር?» ከማለት ያድናል።

ጠቅላላ ስፋትና የሚጋጥ ስፋት ለየብቻ ናቸው። ቦረቦሩን፣ ድንጋያማውን፣ በረቱንና መንገዱን ቀንሱ። ፓርቲንየም በሚባለው አረም የተወረረውንም ቀንሱ። ከብት ሲቸግረው ይቀምሰዋል፣ ግን መኖ አይባልም፤ ወተቱንም ያመርረዋል። የውኃ ቦታውንም ካርታው ላይ አመልክቱ፤ ውኃ የሌለው ክፍል ሳር ቢኖረውም ከብት የሚያድርበት አይደለም።

3. መንጋውን አስገቡ

ለመንጋው ስም ስጡና እንስሳቱን በጆሮ ቁጥራቸው ክተቱበት። አብረው የሚሰማሩት አንድ መንጋ ናቸው። ለብቻቸው የሚሰማሩ ካሉ ሁለተኛ መንጋ ክፈቱ።

ክብደት በግምት አትጻፉ። ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አዙሩት፤ ጠዋት፣ ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ቆመው። ውኃ ጠጥቶ የመጣ በሬና ያልጠጣው አንድ አይደሉም። ሁሉንም መለካት ካልተቻለ ከየዓይነቱ ሦስት አራት ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

የምሳሌያችን መንጋ ይህን ይመስላል፦ 8 ላም በ280 ኪሎ፣ 5 ጊደር በ220፣ 4 ወይፈን በ190፣ አንድ 400 ኪሎ ኮርማ። ድምሩ 4,500 ኪሎ ነው። ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ መንጋው በቀን 112.5 ኪሎ ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ የቀረው ስሌት ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። የሚታለቡ ላሞች ከዚህ ስለሚበልጡ ለነሱ 3 በመቶ ብትይዙ ይሻላል። እናታቸውን የሚጠቡ ጥጆች ለጊዜው ለብቻ አይቆጠሩም።

ማስጠንቀቂያ፦ የክትባት ቀኑን በጤና ገጹ ላይ ሳትሞሉ ወቅቱን አትክፈቱ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ከመሬት ጋር የተያያዙ በሽታዎች ናቸው፤ ክትባቱ መንጋው መስክ ከመውጣቱ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ። መድኃኒት ከተሰጠም ወተትና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይሸጥ አብራችሁ መዝግቡ።

4. ሳሩን ለኩ

ይህን ሥራ በሰኔ መጨረሻ ሳምንት አድርጉት። ቀደም ብሎ የተለካ ሳር ሐምሌ ላይ ያለውን ሳር አያሳይም።

በአንድ ክፍል ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። በየተወሰነ እርምጃ ፍሬሙን ሳታዩ ወደ ኋላችሁ ወርውሩት። 10 ቦታ ይበቃል። ሳታዩ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ለምለሙ ይስባል፣ ለምለሙን ብቻ የለካ ሰው ደግሞ የሌለውን ሳር ነው ፕሮግራሙ ውስጥ የሚያስገባው። ፍሬሙ ባዶ መሬት ላይ ካረፈ ዜሮ ብላችሁ መዝግቡ። ዜሮም መረጃ ነው።

ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ሳር ከመሬት ሁለት ጣት ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። ጓንት አድርጉ፤ ፓርቲንየም ቆዳ ያሳክካል። ከብት የማይበላውን አረም ለቅማችሁ ጣሉ። የቀረውን በኬሻ ላይ አስጡት። ክረምት ነውና ፀሐይ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ምጣድ ላይ በስሱ እሳት እያገላበጣችሁ ማድረቅ ይቻላል። ሳይቃጠል፣ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ቅጠል ኮሽ እስኪል። ሁለት ጊዜ መዝናችሁ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል።

ማድረቁ ለምን? እርጥብ ሳር አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። እርጥቡን መዝኖ ያስገባ ሰው ያለውን መኖ አራትና አምስት እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

አሁን ስሌቱ። በዚህ ፍሬም የተገኘ 1 ግራም ደረቅ ሳር በሄክታር 40 ኪሎ ማለት ነው። የ10ሩ ቦታ አማካይ 40 ግራም ሆነ እንበል። 40 ሲባዛ በ40፣ በሄክታር 1,600 ኪሎ። አንዱ ክፍል 2 ሄክታር ስለሆነ 3,200 ኪሎ አለው።

ይህ ሁሉ ግን የከብቱ አይደለም። ግማሹ ለመሬቱ ይቀራል፤ ሥሩን የሚመግበው፣ አፈሩን ከጎርፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከሌላው ግማሽም የሚረገጥ፣ እበት የሚያርፍበት አለ። «የአጠቃቀም መጠን» የሚለው ሳጥን ውስጥ 35 በመቶ አስገቡ። 3,200 በ35 በመቶ 1,120 ኪሎ ይሆናል። ለቀኑ ፍላጎት፣ ለ112.5፣ ስናካፍለው ወደ 10 ቀን ይመጣል። አንዱ ክፍል መንጋውን የሚችለው 10 ቀን ያህል ነው ማለት ነው።

5. ወቅቱን ክፈቱ

አሁን ያንን ባዶ ሳጥን መሙላት ይቻላል። ስሙ «ክረምት» ብሎ ዓመቱን ያስከትል። ዓይነቱ ሳር የሚያድግበት ወቅት። መነሻ ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8። መድረሻ መስከረም 30፣ ማለትም ኦክቶበር 10።

ቀኖቹን ቁጠሩ። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ መስከረም 30፣ 90 ቀን ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ጳጉሜን አለች። 95 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96፣ መድረሻውም ኦክቶበር 11 ይሆናል። አምስት ቀን ትንሽ ትመስላለች፣ ግን መንጋው አንድ ክፍል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነች።

መነሻው ቀን ዕቅድ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። መንጋው የሚገባው ሳሩ አንድ ስንዝር ያህል ሲደርስ ነው። ዝናቡ ከዘገየ በፕሮግራሙ ላይ መነሻውን ወደፊት ግፉት። ገና ሲያቆጠቁጥ የተጋጠ ሳር ያለችውን ጉልበት ከሥሩ አውጥቶ ነው የሚያበቅለው፤ ያኔ የተነካ መሬት ክረምቱን ሙሉ ደካማ ሆኖ ይከርማል።

የፕሮግራሙ የአየር ትንበያ ሰፊ አካባቢን ነው የሚያየው። አዳማ ዙሪያ ደግሞ ዝናብ አንዱን ማሳ አርሶ ቀጣዩን ሲዘል በዓይናችን እናያለን። አፏና ታችዋ እኩል የሆነ ጣሳ መስክ ላይ አስቀምጡ፤ ከዝናብ በኋላ የውኃውን ከፍታ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ አስገቡ።

6. ተራውን አውጡ

ክፍሉ 10 ቀን ይችላል ብለናል። ታዲያ 10 ቀን እናቆያቸው? በክረምት አይሆንም። የተጋጠ ሳር በሳምንት ውስጥ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ላሟ እዚያው ካለች ደግሞ ጣፋጩን ቀንበጥ ነው ፈልጋ የምትነጨው። ያ ሳር ሁለት ጊዜ ተመታ ማለት ነው። ስለዚህ ሳሩ በፍጥነት ሲያድግ በፍጥነት አዙሩ፤ ሲዘገይ አዘግዩ።

የዕረፍት ቀን የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ከክፍሎቹ ብዛት አንድ ቀንሱ፣ በአንዱ ክፍል በሚቆዩበት ቀን አባዙ። 6 ክፍል በ5 ቀን ከሆነ እያንዳንዱ 25 ቀን ያርፋል።

ለምሳሌያችን ተራው ይህ ነው፦

- አንደኛ ዙር፦ ከሐምሌ 1 እስከ 30፣ 6ቱም ክፍሎች በ5 በ5 ቀን
- ሁለተኛ ዙር፦ ከነሐሴ 1 እስከ 30፣ እንደዚያው
- ሦስተኛ ዙር፦ ከጳጉሜን 1 እስከ መስከረም 30፣ 5 ክፍሎች ብቻ፣ በ7 በ7 ቀን

በሦስተኛው ዙር ስድስተኛው ክፍል ተዘግቶ ይቆያል። ለበጋ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ዝግ» አድርጉት፣ አለዚያ በራሱ ተራ ውስጥ ያስገባዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወራት ሙሉ ጭድ ሲበላ የከረመ ከብት ድንገት እርጥብ ሳር ላይ ከተለቀቀ ያስቀምጠዋል፣ ሆዱም ሊነፋ ይችላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ጭድ አብሉና ለጥቂት ሰዓት ብቻ አሰማሩ። ጤዛ ያለበት አልፋልፋ ላይ በባዶ ሆድ በፍጹም አትልቀቁ። የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ወዲያው ባለሙያ ጥሩ።

7. ዝውውሩን በዕለቱ መዝግቡ

ፕሮግራሙ ዕረፍትን የሚቆጥረው መንጋው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ሦስት ቀን ዘግይታችሁ ከመዘገባችሁ ሳሩ ለሦስት ቀን ያላረፈ ይመስለዋል፣ የሚቀጥለው ተራም ይዛባል።

የሚመዘግበው አንድ ሰው ይሁን። እረኛው ሲያዛውር ይደውል፣ ያ ሰው ያስገባ። እረኛው ስማርት ስልክ የግድ አያስፈልገውም፤ ደብተር ላይ ክፍሉንና ቀኑን ከጻፈ ይበቃል። ማታ ዋይፋይ ስታገኙ ሲንክ አድርጉ፤ ስልኩ ላይ የተመዘገበው ወደ ፕሮግራሙ ይሻገር። ሲወጡ የቀረው ሳር ስንት ሴንቲ እንደሆነ ጻፉ፤ ከ8 ሴንቲ በታች ከወረደ ቆይታው በዝቷል፣ በሚቀጥለው ዙር አንድ ቀን ቀንሱ።

8. መስከረም 30 ዝጉ፣ ጥቅምት 1 በጋን ክፈቱ

ብዙዎች ክረምቱን ሳይዘጉ ይተዉታል። ያኔ ፕሮግራሙ ሳሩ እያደገ እንደሆነ ቆጥሮ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሌለ መኖ ያሳያችኋል።

አዲሱ ወቅት «በጋ» ነው፣ ዓይነቱም ሳር የማያድግበት። ከጥቅምት 1 እስከ ሰኔ 30፣ 270 ቀን። በ112.5 ስታባዙት 30,375 ኪሎ፣ ማለትም ከ300 ኩንታል በላይ ደረቅ መኖ። የተዘጋው ስድስተኛ ክፍል የሚሰጣችሁ ከ10 ኩንታል ብዙ አይዘልም። ያለውንና የሚፈለገውን መኖ የሚያስተያየው የመኖ ሚዛን ገጽ ቀይ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ቁጥሩን የምንፈልገው ለዚሁ ነው። ቀዩን ጥቅምት ላይ ያየ ሰው የጤፍ ጭድ አውድማ ላይ ሳለ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይገዛል። ከወንጂ በኩል የአገዳ ጫፍ ያፈላልጋል፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ያስባል፣ ወይም ከወይፈኖቹ ሁለቱን አስቀድሞ ይሸጣል። መጋቢት ላይ ያየው ግን ጭዱን ባለው ዋጋ ነው የሚገዛው።

የገዛችሁትን መኖ በኩንታል ሳይሆን በኪሎ አስገቡ። የበልግ ዝናብ ጥሩ ከሆነና ሳሩ ከተነሣ በመካከል አጭር ወቅት መክፈት ይቻላል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ማስገባት። በ2018 ዓ.ም. የተወለደ ጥጃ «2018» ተብሎ ሲገባ ፕሮግራሙ የሰባት ዓመት በሬ ያደርገዋል፣ የመኖ ፍላጎቱንም እንደ ትልቅ ከብት ያሰላል። የልደት ቀን ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ይግባ።

የተሸጠ ወይም የሞተ ከብት ከመንጋው አለማውጣት። ለሌለ ከብት መኖ ይቆጠራል።

አንዱን ክፍል ለክቶ ለስድስቱም ያንኑ ቁጥር መስጠት። ተዳፋቱና ረግረጉ አንድ አይደሉም። ጊዜ ካጠረ ቢያንስ ደካማውንና ለምለሙን ለየብቻ ለኩ።

ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መጻፍ። ጠዋት 2 ሰዓት ያዛወራችሁትን «2:00» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌሊት ላይ ይመዘግበዋል። 8:00 ነው የሚባለው።

የመጨረሻው፣ ዳታውን አለማስቀመጥ ነው። በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አኑሩት። ስልክ ይጠፋል፣ የፕሮግራሙ ክፍያም ሊቋረጥ ይችላል። የዘንድሮው የሳር ልኬት ደግሞ የሚቀጥለው ሰኔ ፍሬሙን ይዛችሁ ስትወጡ የምታወዳድሩበት ነው።